ሎንሻን ከሄዳችሁ መጀመሪያ ፈረሶቹን እዩ

ከጓደኞቼ ጋር ፓሪስ ሄደን የፈረስ ውድድር ያየንበትን ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ ብዙዎቻችሁ «ስንት በላችሁ?» እያላችሁ ጠይቃችሁኛል። የፈረስ ውድድር ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለው ውርርድ ስለሆነ አልፈርድባችሁም። እኔ ግን ከገንዘቡ በፊት ስለ ፈረሶቹ ልንገራችሁ።

ውድድሩ ፕሪ ደ ላርክ ደ ትሪዮንፍ ይባላል፤ በአጭሩ አርክ። የሚሮጠው ፓሪስ ያለው የሎንሻን ፈረስ መሮጫ ሜዳ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1920 ጀምሮ የሚካሄድ ሲሆን ሽልማቱ 5 ሚሊዮን ዩሮ ነው። ቀኑ የኦክቶበር የመጀመሪያ እሑድ ነው፣ መስቀል ባለፈ በቀናት ውስጥ። እኛ ፍራንክፈርት ላለነው ሰዎች ፓሪስ በባቡር አራት ሰዓት ገደማ ስለሆነች ቅዳሜና እሑድ ይበቃል።

ብዙ ሰው እንደገባ ወደ መቀመጫው ይሮጣል። እባካችሁ አትሩጡ። ፈረሶቹ ሜዳ ከመውጣታቸው በፊት ባልደራሶቻቸው ልጓም ይዘው በክብ መንገድ ያዞሯቸዋል፤ ከአጥሩ ወዲህ ቆሞ በቅርብ ማየት ይቻላል። ከእኛ ጋር የነበረው አንዱ ጓደኛችን የአገው ምድር ልጅ ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞችን በዓል እያየ ያደገ። እኛ ስለ ጋላቢዎቹ ልብስ ቀለም ስናወራ እሱ ዓይኑን ከፈረሶቹ እግር አልነቀለም። «የኋላው ሰኮና የፊተኛው የረገጠበትን አልፎ ሲያርፍ እዩት፤ እንዲህ ያለው ፈረስ እርምጃው ረጅም ነው» አለን። ቀጥሎ አንድ ዳማ አሳየን፤ አንገቱ ላይ ልጓሙ በሚነካው ቦታ ነጭ አረፋ ደፍቋል፣ ጆሮው አንድ ቦታ አይረጋም። «ይሄ ሩጫውን እዚሁ ጀምሮታል» አለ። ከዚያ በኋላ ሁላችንም የምናየው ነገር ተለወጠ።

ስለ ክብደቱም ማወቅ ያስፈልጋል። የሦስት ዓመት ፈረስ 56.5 ኪሎ፣ ከዚያ በላይ ዕድሜ ያለው 59.5 ኪሎ ይሸከማል፤ ለሴቶቹ ፈረሶች 1.5 ኪሎ ይቀነስላቸዋል። ይህ የጋላቢውና የኮርቻው ድምር ነው፣ ቀላል የሆነ ጋላቢ እርሳስ ይጨመርበታል። ከሴቶቹ መካከል ትሬቭ የተባለችው ባዝራ እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014፣ ኤኔብል ደግሞ በ2017 እና በ2018 ሁለት ሁለት ጊዜ አሸንፈዋል። ሦስተኛውን ግን እስካሁን ማንም ፈረስ አላገኘውም።

ርቀቱ 2400 ሜትር ነው፤ ሁለት ደቂቃ ተኩል አካባቢ ይፈጃል። ጅምሩ ከማዶ፣ ከአንድ የነፋስ ወፍጮ አጠገብ ስለሆነ በዓይን ብዙም አይታይም። መንገዱ ወደ 10 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል፣ ከዚያ ቁልቁል ወርዶ ይታጠፋል። ቀጥሎ የሚመጣው ቀጥ ያለ መንገድ የመጨረሻው ይመስላል፣ አይደለም። እዚያ ቸኩሎ የነዳ ጋላቢ እውነተኛው የመጨረሻ 500 ሜትር ላይ ፈረሱ ይደክምበታል። ከመቀመጫው ሆናችሁ የምትሰሙት ድምፅ መጀመሪያ የሰው ነው፤ ፈረሶቹ ሲቃረቡ ግን መሬቱ ራሱ ሲጮህ ይሰማል።

ጃፓኖች አርክን ለማሸነፍ ለዓመታት ሲመላለሱ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኦርፌቭር የሚባለው ፈረሳቸው ሁሉንም ጥሎ ወጥቶ ነበር፤ ከዚያ ወደ ቀኝ አጥሩ እያዘነበለ ሄደና ሶሌሚያ የተባለች ባዝራ መስመሩ አጠገብ ደርሳ ቀደመችው። እኔ ያንን ቪዲዮ ዛሬም ሳየው ያመኛል።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ። አገር ቤት በለመድነው የኳስ ውርርድ ቤቱ ቁጥር ይሰጣል፣ ቲኬት ስትቆርጡ የያዛችሁት ቁጥር አይለወጥም። ሎንሻን ላይ ግን የሁሉም ሰው ገንዘብ አንድ ቋት ውስጥ ይገባል፤ አጫዋቹ ድርሻውን ቆርጦ ቀሪውን ያሸነፉት ይካፈሉታል። 1000 ዩሮ ተሰብስቦ 150ው ቢቆረጥና ባሸነፈው ፈረስ ላይ የተያዘው 100 ዩሮ ቢሆን፣ ለአንድ ዩሮ 8.50 ይደርሳል። ስለዚህ ቁጥሩ ሩጫው እስኪጀመር ይቀያየራል። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ያወጣው ጆሴፍ ኦለር ነው።

የብዙ ሰው ገንዘብም ሊሳሳት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2021 ቶርኳቶር ታሶ የተባለ የጀርመን ፈረስ ሲያሸንፍ ለአንድ ዩሮ ከ70 በላይ ከፍሏል። ማንም አልገመተውም ነበር፤ ግን ከአርክ ጥቂት ሳምንታት በፊት ባደን ባደን አጠገብ ኢፈትስሃይም ላይ ትልቁን ውድድር አሸንፎ ነበር የመጣው። ፓሪስ የራቀችባችሁ እዚህ ጀርመን ያላችሁ ልጆች ከኢፈትስሃይም ጀምሩ፤ ትልቁ ሳምንቱ በበጋው ማብቂያ ላይ ነው። ቀደም ብላችሁ ግቡና ፈረሶቹ የሚዞሩበት አጥር ጋ ቦታ ያዙ።