ጥላ የሌለበት ቀትር፦ ከሸኮ እስከ ቴፒ የሳይንስ ማስተማሪያ ዳሰሳ

መጋቢት 30 አካባቢ ሚዛን ተፈሪ ላይ ቀጥ ያለ እንጨት መሬት ተክሎ የሚጠብቅ ተማሪ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ40 ገደማ ሲሆን የእንጨቱ ጥላ ወደ ሥሩ ተሰብስቦ ሲጠፋ ያያል። ሸኮም ቴፒም ያው ነው፤ ቢለያይ በአንድ ቀን ቢለያይ ነው። አገሩ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ በአናቱ ታልፋለች፤ አንዴ በመጋቢት ማብቂያ፣ አንዴ በነሐሴ ማብቂያ። የነሐሴውን ያየ ዕድለኛ ነው፤ ደመናው መቼ ፋታ ይሰጣል። ነቃ ያለ ተማሪ ግን ከጥላው ይልቅ ሰዓቱን ይጠይቃል፦ ቀትር 6 ሰዓት አይደል እንዴ? 40 ደቂቃው ከየት መጣ? የኢትዮጵያ ሰዓት የሚቆጠረው በሶማሌ ክልል በኩል በሚያልፈው በ45ኛው ዲግሪ ኬንትሮስ ነው። ሚዛን ተፈሪ ከዚያ መስመር ዘጠኝ ዲግሪ ተኩል ያህል ወደ ምዕራብ ትርቃለች፤ መሬት ደግሞ አንድ ዲግሪ ለመዞር አራት ደቂቃ ይፈጅባታል። ማባዛት ብቻ ነው። የምትተርፈው የሁለት ደቂቃ ልዩነት ከምህዋሯ ቅርጽና ከዘንግዋ ማዘንበል የምትመጣ ናት፤ እሷን ለ11ኛ ክፍል ማቆየት ይቻላል።

ለዚህ ትምህርት እንጨት፣ ገመድና ሰዓት ይበቃል። ከሁሉ በላይ የሚጠይቀው መጠበቅን ነው። በደቡብ ምዕራብ የቡና አገር ለሳይንስ ማስተማሪያ የቀረበውንና ሊቀርብ የሚችለውን ሀብት ስቃኝ መለኪያዬ ይኸው ነው፤ ተማሪውን ይጠብቃል ወይስ ጥሎት ይሄዳል?

ጥሎ በመሄድ ስሙ የወጣው ፕላዝማ ነው። በ1997 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲዘረጋ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ሂሳብን ጨምሮ ዋና ዋናዎቹ የትምህርት ዓይነቶች በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅተው በእንግሊዝኛ ቀረቡ። ሐሳቡ መናቅ የለበትም። ቤተ ሙከራ የሌለው የገጠር ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ያለው ተማሪ የሚያየውን ሙከራ በዚያው ሰዓት እንዲያይ ነበር የታሰበው፤ ለብዙ ተማሪ ሴል ሲከፈል ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየውም ያ መስታወት ነው። ችግሩ ስክሪኑ ላይ ያለችው መምህርት ጥያቄ ጠይቃ፣ ጥቂት ሰከንድ ጠብቃ፣ «በጣም ጥሩ!» ብላ መቀጠሏ ነበር። ማንም አልመለሰላትም። ክፍል ውስጥ የቆመው መምህር ሊያቆማት አይችልም፤ መብራት ከሄደ ደግሞ ክፍለ ጊዜው አብሮ ሄደ። በዚያ ዘመን የተማሩ ሰዎች ዛሬም ፈጥኖ የሚናገር ሰው ሲገጥማቸው «ፕላዝማ» ይሉታል።

ከፕላዝማ በፊትም በኋላም የነበረው ቤተ ሙከራ ሌላ ጣጣ አለው። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ክፍሉ ነበረ፣ ዕቃውም ነበረ፣ ቁልፉ ግን አይገኝም ነበር። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም። በሞዴል 22 (በንብረት ወጪ ቅጽ) የወጣ ቢከር ቢሰበር የሚጠየቀው ፈራሚው ነው፤ ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው መምህር ምንም የማያወጣ ሆኖ ተገኘ። ማይክሮስኮፕ ሲገዛ ለስብራት የሚሆን ትንሽ በጀት አብሮ ካልተያዘ ዕቃው ከካርቶኑ እንደማይወጣ ርዕሳነ መምህራን ከማንም በላይ ያውቃሉ።

በአካባቢው ትልቁ ተቋም በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ነው። የግብርናና የጤና ትምህርቱ በሚዛን በኩል፣ የተፈጥሮ ሳይንሱና ምህንድስናው በቴፒ በኩል ነው። በአገር ደረጃ ዩኒቨርሲቲዎች በክረምትና በቅዳሜ የአካባቢያቸውን ተማሪዎች ተቀብለው በቤተ ሙከራቸው የሚያስተምሩበት አሠራር ከቢሾፍቱው የፎቃ የሳይንስ ማዕከል ወዲህ ተስፋፍቷል። መልካም ነገር ነው። ግን የሚመረጡት ቀድሞውንም ጎበዝ የሆኑት፣ በዚያ ላይ ለከተማ የቀረቡት ናቸው፤ ከሸኮ ወረዳ ገጠር ቀበሌ የመጣ ልጅ ማደሪያ ካላገኘ ቅዳሜ ጠዋት ቴፒ መድረስ አይሆንለትም።

ስለዚህ ወደ ደጃፍ እንመለስ። ዩኔስኮ በ1956 እ.ኤ.አ. ያሳተመውና ዓለምን ያዳረሰው የሳይንስ መምህራን የሙከራ መጽሐፍ መነሻው በ1948 እ.ኤ.አ. በጦርነት ለፈረሱ አገሮች የተዘጋጀች ትንሽ ጥራዝ ነበረች፤ ከቆርቆሮ፣ ከጠርሙስና ከሽቦ ሚዛንና ቴርሞሜትር እንዴት እንደሚሠራ ታሳያለች። በየትምህርት ቤቶቻችን የሚገኙት ፔዳጎጂካል ማዕከላት የዚያው ሐሳብ ዘመዶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ግን በካርቶን ላይ የተሳለ የልብ ሥዕል ማከማቻ ሆነው ቀርተዋል። ሥዕሉ ይነበባል እንጂ አይሞከርም።

ከቴፒ እርድ እንጀምር። ከተማዋ የብሔራዊ ቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከል መቀመጫ ናት፤ እርድ፣ ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ኮረሪማ የማያውቅ ልጅ የለም። የእርድ ዱቄት ከፋርማሲ በተገዛ አልኮል ተበጥብጦ ነጭ ወረቀት ቢነከርበትና ቢደርቅ፣ ከውጭ የሚገዛውን አመልካች ወረቀት በከፊል ይተካል። የሳሙና ወይም የአመድ ውሃ ሲነካው ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል፣ ሎሚ ጠብ ሲልበት ወደ ቢጫው ይመለሳል። አሲድን ከውሃ አይለይም፤ ለምን እንደማይለይ መጠየቅ ራሱ ግማሽ ክፍለ ጊዜ ይወስዳል። አረቄም የአልኮሉን ሥራ ይሠራል፤ እሱን ክፍል ከማስገባት በፊት ግን ርዕሰ መምህሩን ማማከር ይበጃል።

ቀጥሎ የፈላ ውሃ። መጽሐፉ 100 ዲግሪ ይላል። ሚዛን ተፈሪ ከባሕር ወለል በላይ 1450 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 95 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ዝቅ የምትለው ቴፒ 96፣ አዲስ አበባ ደግሞ 92 ገደማ። ቴርሞሜትር ያገኘ ክፍል ይህን ሲለካ የሚሆነውን መገመት አይከብድም፤ ልጆቹ 95 አይተው ደብተራቸው ላይ 100 ይጽፋሉ። ፈተናው የሚለው 100 ነዋ። አንድ መምህር እዚህ ጋ ቆሞ «ማነው የተሳሳተው፣ ቴርሞሜትሩ፣ መጽሐፉ ወይስ እኛ?» ብሎ ካልጠየቀ ሙከራው ባይሠራ ይሻል ነበር።

ጎደሬ በደንብ ካልበሰለ ጉሮሮ እንደሚያሳክክ ለቤንችና ለሸኮ ልጅ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ለምን የሚለው ግን አዲስ ነው፤ በተክሉ ሴሎች ውስጥ የካልሲየም ኦክሳሌት መርፌ መሰል ቅንጣቶች አሉ፣ ቆዳና ጉሮሮ የሚወጉት እነሱ ናቸው። ከስሱ ቁራጭ ላይ በተራ ማይክሮስኮፕ ይታያሉ። ከሽንኩርት ልጣጭ ይልቅ ይህን ያየ ልጅ እናቱ ጎደሬን ለምን ያን ያህል እንደምታበስል በሌላ ዓይን ማየቱ አይቀርም።

ቡናው ራሱን የቻለ መጽሐፍ ነው። ከአንድ ቅርጫት እሸት ቡና ተለክቶ ማድረቂያ አልጋ ላይ ቢሰጣና በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ቢመዘን፣ ክብደቱ መጀመሪያ ፈጥኖ በኋላ ቀስ እያለ ሲወርድ የሚሳለው ግራፍ ለትነት ትምህርት የሚበቃ ነው፤ ዝናብ የጣለ ቀን መስመሩ ሲጎብጥ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያስነሳል። የዘር ውርስም እዚሁ አለ። የአረቢካ ቡና 44 ክሮሞዞም ሲኖረው ሌሎቹ የቡና ዝርያዎች 22 ብቻ ናቸው፤ አረቢካ የሁለት ዝርያዎች ድቅል ስለሆነ ነው። አርሶ አደሩ «74110» ወይም «74112» እያለ የሚጠራቸው ችግኞችም ታሪክ አላቸው። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ዛፎችን ሲያራቁት የጅማ ተመራማሪዎች በበሽታው መሐል ፍሬያቸው የተረፈላቸውን ዛፎች እየፈለጉ መረጡ፤ ቁጥሩ የሚጀምርበት 74 የተመረጡበትን 1974 እ.ኤ.አ. ያመለክታል። የተፈጥሮ ምርጫን በእንግሊዝ የእሳት እራቶች ከማስተማር ልጁ አባቱ የተከለውን ቁጥር ቢፈታ አይሻልም? ዛሬ በዓለም ገበያ ዋጋው ሰማይ የነካው ጌሻ ቡናም መነሻው የዚሁ አካባቢ ደን ነው፤ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ተወስዶ በታንዛኒያና በኮስታሪካ የምርምር ጣቢያዎች በኩል ፓናማ ደርሶ በ2004 እ.ኤ.አ. በውድድር ስሙ ገነነ።

ሸኮ ለሳይንስ ያበረከተችው ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ከብቷ ነው። የሸኮ ከብት ሻኛ የለውም፣ ካለውም እዚህ ግባ አይባልም፤ በምሥራቅ አፍሪካ የተረፈ የጥንቱ ሻኛ አልባ ከብት ቅሪት ተደርጎ ይቆጠራል። ገንዲን የሚያስተላልፈው ዝንብ በሚበዛበት አገር ከሌሎች ከብቶች በተሻለ በሽታውን ይቋቋማል። አሁን ግን ሻኛ ካላቸው ከብቶች ጋር እየተዳቀለ ዘሩ እየሳሳ ነው። የሳይንስ ክበብ ለዚህ ምንም ገንዘብ አያስፈልገውም፤ በገበያ ቀን የከብት ተራ ቆሞ ባለ ሻኛውን፣ ሻኛ አልባውንና መሐል ላይ ያለውን መቁጠር፣ በየዓመቱ መድገም፣ መመዝገብ። «መሐል ላይ ያለው» የሚለውን ማን እንደሚወስን ልጆቹ ሲጨቃጨቁ ትምህርቱ ተጀመረ ማለት ነው።

የአገራችን ዝነኛ ግኝትም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። እንዶድን ሴቶቹ ከጥንት ያውቁታል፤ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ለምን ከታች ሞቶ ከላይ በሕይወት ተገኘ ብሎ የጠየቀው ግን እሱ ነበር።

አስቸጋሪው ነገር ቋንቋ ነው። የሸኮ ልጅ ቤቱ ሸኮኛ ይናገራል፣ ገበያ አማርኛ፣ ሳይንስ ግን በቀድሞው ደቡብ ክልል ለረጅም ዓመታት ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነበር። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ይህ ውርስ አብሮ መጣ። ውጤቱ ክፍል ውስጥ ይታያል፤ ልጁ ስለ ቡና መድረቅ ሲናገር አንደበተ ርቱዕ ነው፣ ስለ ትነት ሲጠየቅ ግን የመጽሐፉን ዓረፍተ ነገር ይደግማል። ብዙ መምህራን በጓዳ በር አማርኛ ያስገባሉ፤ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ወደ እንግሊዝኛ ይመለሳሉ። በእኔ እምነት ይህ የጓዳ በር በግልጽ መከፈት አለበት፦ ምልከታውና ክርክሩ ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ፣ ስያሜው ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል ያዘጋጀው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ለአማርኛው መነሻ ይሆናል፤ ለሸኮኛው ግን ቃሉን የሚያውቁት ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ የዛፍና የነፍሳት ስም መሰብሰብም የባዮሎጂ የቤት ሥራ ነው።

ከውጭ ከሚመጣው ሀብት ለዚህ አገር ይመጥናል የምለው ጥቂት ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በስታንፎርድ ይፋ የሆነው ፎልድስኮፕ ከወረቀት የሚታጠፍ፣ 140 ጊዜ የሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ነው፤ ቢወድቅ አይሰበርም፣ ሞዴል 22 አያስፈራውም። የኮሎራዶው ፌት የተባለው የማስመሰያ ሙከራ ስብስብ ደግሞ በነፃ ወርዶ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ከፕላዝማ የሚለየው ተማሪው እስኪነካው ድረስ ባለበት መቆሙ ነው። ኮምፒውተርና መብራት ባለበት ለኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ጥሩ ነው። ለጥላና ለቡና ግን ምን ሲደረግ።

ይህ ሁሉ ፈተናው በር ላይ ይቆማል። ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ነበሩ። በዚህ ጭንቀት መካከል ሻኛ ቁጠሩ የሚል መምህር ወላጅ ቢቆጣው አይገርምም፤ የምርጫ ጥያቄ ሻኛ አይጠይቅም። ሕንዶች በሆሻንጋባድ በ1972 እ.ኤ.አ. በ16 የገጠር ትምህርት ቤቶች የጀመሩት በሙከራ የማስተማር ፕሮግራም ይህን አስቀድሞ ገብቶት ነበርና ፈተናውን ራሱን ቀየረ፤ ልጆቹ መጽሐፋቸውን ከፍተው ይፈተኑ ነበር። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ በመንግሥት ውሳኔ ተዘጋ። በዞን ደረጃ የሚወጣው ፈተና ላይ አንድ የግራፍ ጥያቄ፣ ከራሳቸው ልኬት የሚመለስ፣ ማስገባት ግን ሚኒስትር አይጠይቅም።

ዘንድሮ አንድ ነገር ብቻ መሞከር ለሚችል መምህር ዝንጅብሉን እመክራለሁ። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ የዝንጅብል አጠውልግ በሽታ ቴፒና አካባቢውን ሲመታ ብዙ ቤተሰብ ከዝንጅብል እርሻ ወጥቷል፤ ክፍሉ ውስጥ ታሪኩን ከቤቱ የማያውቅ ልጅ ላይኖር ይችላል። ከጠወለገ ተክል ከሥሩ አጠገብ ግንዱ ይቆረጥና ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ በክር ይንጠለጠላል። ማንም አይነካውም። በሽታው ባክቴሪያ ከሆነ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከቁርጡ እንደ ወተት ነጭ ክር ቁልቁል ይፈስሳል፤ ድርቀት ወይም ትል ከሆነ ውሃው እንደጠራ ይቀራል። ጤነኛ ግንድ በሌላ ብርጭቆ አጠገቡ ማንጠልጠል አይረሳ። ሲያበቃ ውሃው ጓሮ አይደፋም፤ ይፈላል፣ ግንዱም ይቃጠላል፣ ቢላዋውም እሳት ላይ ይያዛል፤ በሽታው በአፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል።