ኮሮናው ከሄደ በኋላ የሚቀረው ድካም፦ ተረትና እውነታ

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ ዘነበወርቅ፣ በአለርት ሆስፒታል አጥር ዙሪያ ያደገ ሰው አንድ ነገር ማንም ሳያስተምረው ያውቃል፤ ተሕዋሲው ሞተ ማለት ሕመሙ አለቀ ማለት አይደለም። አለርት በ1958 ዓ.ም. የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና ማገገሚያ ማዕከል ሆኖ ከመቋቋሙ በፊትም ሰፈሩ ለሕክምና ከየአገሩ መጥተው በዚያው የቀሩ ሰዎች መኖሪያ ነበር። ከእነርሱም መድኃኒታቸውን በሥርዓቱ ጨርሰው፣ ባክቴሪያው ከሰውነታቸው ጠፍቶ፣ እጅና እግራቸው ግን እንደደነዘዘ የኖሩ ጥቂት አይደሉም። አንዳንዶቹ ደግሞ ሕክምናቸውን ከፈጸሙ ከወራት፣ አልፎም ከዓመታት በኋላ ነርቫቸው አብጦ፣ ቆዳቸው ቀልቶ እንደገና አልጋ ይይዛሉ። ሐኪሞች «ሪአክሽን» የሚሉት ይህ ነው፤ የሰውነት መከላከያ ከሞተው ባክቴሪያ ቅሪት ጋር የሚያደርገው ትግል። እዚያው ግቢ በ1962 ዓ.ም. የተመሠረተው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ከተነሣባቸው ጉዳዮች አንዱ የሥጋ ደዌና የሰውነት መከላከያ ግንኙነት ነበር።

ወደ ኮቪድ ሲመጣ ግን ይኸው ሰፈር ያወቀውን የረሳ ይመስላል።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ አዲስ አበባ ውስጥ መገኘቱ ከተነገረ ወዲህ በኢትዮጵያ በምርመራ የተረጋገጠው ቁጥር 500,000 ገደማ ደርሷል፤ ከ7,500 በላይ ሰዎችም ሞተዋል። ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. በዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም የሚመራው የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድ ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ጊዜ ማብቃቱን አስታወቀ። ድርጅቱ አስቸኳይ ጊዜው አበቃ አለ እንጂ በሽታው ጠፋ አላለም። ሰዉ ግን «ኮሮና ቀረ» ብሎ ወሰደው። ከዚያ በኋላ «ከታመምኩ ወዲህ ጉልበቴ ከዳኝ» የሚል ሰው ሰሚ አጣ።

ይኸው ድርጅት መስከረም 26 ቀን 2014 ዓ.ም. ላይ ለችግሩ ብያኔ ሰጥቶታል። ብዙውን ጊዜ በቫይረሱ ከተያዙ 3 ወር ባለው ጊዜ የሚታይ፣ ቢያንስ 2 ወር የሚቆይ፣ በሌላ በሽታ ሊብራራ የማይችል ሕመም ነው። ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን ሎንግ ኮቪድ ይሉታል። ዋናዎቹ ምልክቶች እንቅልፍ የማያስለቅቀው ድካም፣ የትንፋሽ ማጠርና የመርሳት ችግር ናቸው፤ የልብ ድለቃና ሲነሡ ጭው ማለትም አብረው ይመጣሉ። ድርጅቱ በቫይረሱ ከተያዙ 100 ሰዎች 6 ያህሉ እንዲህ እንደሚሆኑ ይገምታል።

«እኔን ኮሮና ይዞኝ አያውቅም»

ምርመራ ያላደረገ ሰው እንዲህ ማለቱ አይፈረድበትም፤ እውነት መሆኑ ግን ያጠራጥራል። ከኮልፌ ብዙ በማይርቀው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በጤና ሠራተኞች ደም ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ቫይረሱ እንዳገኛቸው የሚያሳይ ፀረ እንግዳ አካል የተገኘባቸው ከአሥር አንድ ያህል ነበሩ። በየካቲት 2013 ዓ.ም. ግን ከግማሽ በላይ ሆኑ። ክትባት በአገሪቱ መሰጠት የጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በመጋቢት ወር ስለሆነ ቁጥሩን ክትባት አላመጣውም። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ መያዛቸውን ሳያውቁ በቫይረሱ ውስጥ አልፈዋል ማለት ነው። «ትንሽ ጉንፋን ቢጤ ነበር» ተብሎ የታለፈው ሳምንት ኮቪድ ሊሆን ይችላል።

ኦክስጅን ያልተደረገለት፣ ሚሊኒየም አዳራሽ ወይም ኤካ ኮተቤ ያልተኛ ሰው «ቀሪ ሕመም» ሊኖረው አይችልም የሚለውም እንዲሁ ተረት ነው። ጠንቶበት ሆስፒታል የገባ ሰው የመቸገር ዕድሉ ከፍ ማለቱ እውነት ነው። ነገር ግን ቤታቸው ሆነው የታመሙት በቁጥር እጅግ ስለሚበዙ፣ ከቀሪው ሕመም ተጠቂዎችም አብዛኞቹ እነርሱ ናቸው።

«ታይፎይድና ታይፈስ ነው አሉኝ»

ከአየር ጤና እስከ አስኮ በመንገዱ ግራና ቀኝ የክሊኒክ እጥረት የለም። ድካም ብሎ የገባ ሰው ጣቱን ተወግቶ «ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ» ተብሎ ከረጢት ሙሉ ፀረ ተሕዋስ ይዞ ይወጣል። ሳምንት ሳይሞላው ድካሙ አብሮት እንዳለ ይገባዋል። ሌላ ክሊኒክ ይሄዳል፤ አሁንም ታይፎይድ። ይህ አዙሪት ከኮቪድ በፊትም ነበረ፤ አሁን ግን ተጨማሪ መንገደኛ አግኝቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተለመደው የታይፎይድ ምርመራ፣ ዊዳል የሚባለው፣ ባክቴሪያውን ራሱን አያገኝም። የሚያየው ሰውነት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ታይፎይድ በሚበዛበት አገር የሚኖር ሰው ድሮ ታሞ ከነበረ፣ ወይም ሌላ ተመሳሳይ ተሕዋሲ ነክቶት ከነበረ፣ ዛሬ ጤነኛ ሆኖም ምርመራው «አለ» ሊል ይችላል። የታይፈሱ ምርመራ፣ ዌይል ፊሊክስ፣ ከዚህ አይሻልም። ትኩሳት የሌለው፣ ለወራት የዛለ ሰው በአንድ የዊዳል ወረቀት ደጋግሞ መታከሙ ኪሱን ከማራቆትና ተሕዋሲዎችን ከመድኃኒት ጋር ከማላመድ ያለፈ ጥቅም የለውም።

የተገላቢጦሹም ስሕተት አለ፤ ድካምን ሁሉ በኮቪድ ማሳበብ። ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ጫና ከከበደባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ የሌሊት ላብና ክሳት ካለ መጀመሪያ የሚመረመረው አክታ ነው፤ ምርመራውም ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው። የደም ማነስ፣ ስኳር፣ እንቅርት፣ ኤች አይ ቪ፣ የልብ ሕመም ሁሉም ሰውን ያደክማሉ፤ ሁሉም በምርመራ ይታወቃሉ። ለኮቪድ ቀሪ ሕመም ግን የራሱ የሆነ አንድ የደም ምርመራ የለም። ሐኪሙ እዚያ የሚደርሰው ሌሎቹን ካጣራ በኋላ ነው። የደረት ራጅ «ንጹሕ ነው» መባሉም ሰውየው ዋሽቷል አያሰኝም፤ ራጅ ድካምን አያነሣም።

«ተነሥቶ ላቡን ካወጣ ይለቀዋል»

ከተረቶቹ ሁሉ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ነው። ጎጂነቱ ከመልካም ልብ ስለሚነገር ነው። እናት ለልጇ፣ አለቃ ለሠራተኛው፣ አንዳንዴም ሐኪም ለታማሚው የሚለው ነው። ለብዙ ሕመም ትክክልም ነው፤ እንቅስቃሴ ያበረታል። በቀሪ ሕመም ከተያዙት ለብዙዎቹ ግን የሚሆነው ሌላ ነው፤ ዛሬ ተሽሎት የሠራ ሰው ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ይወድቃል። «ሲሻለኝ ተነሥቼ ስሠራ መልሶ ይጥለኛል» የሚለው ቅሬታ የበሽታው ዋና መታወቂያ ነው። ውድቀቱ ዘግይቶ ስለሚመጣ ሰው ከምክንያቱ ጋር አያያይዘውም፤ «ብርድ መታኝ» ይላል።

በ2016 ዓ.ም. ይፋ በሆነ ጥናት የአምስተርዳም ተመራማሪዎች 25 እንዲህ ያሉ ሕሙማንንና 21 ጤነኞችን በቆመ ብስክሌት ላይ ለአጭር ጊዜ አሠሯቸው። ከልፋቱ በፊትና በኋላ ከጡንቻቸው ቅንጣት ወስደው አዩ። የሕሙማኑ ጡንቻ ከልፋቱ በኋላ ተጎድቶ፣ ኃይል የሚያመነጨው የሕዋሱ ክፍልም ሥራው ተዳክሞ ተገኘ። ስንፍና በማይክሮስኮፕ አይታይም፤ ይህ ታይቷል።

በኮልፌ ኑሮ ላይ ሲመጣ ምን ማለት ነው? ሚኪ ሊላንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖርን ሴት ማሰብ ይቻላል። አሳንሰር የለም፤ ውሃ በፈረቃ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። እሱን አንዴ ተሸክማ ወጥታ፣ ልብስ አጥባ፣ ሽንኩርት ቆማ ከትፋ የዋለች ቀን ማግስቱ አልጋ ላይ ነው። የሚመከረው መተኛት ሳይሆን አቅምን ከፋፍሎ መጠቀም ነው፤ 5 ሊትር 5 ሊትር አድርጎ ማውጣት፣ በየደረጃው መታጠፊያ ቁጭ ማለት፣ ሽንኩርቱን በርጩማ ላይ ተቀምጦ መክተፍ፣ ልብስ የታጠበበት ቀን ገበያ አለመሄድ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሳይደክሙ ማረፍ። አጠና ተራ እንጨት ተሸክሞ የሚያድር ወጣት ይህን ምክር በሙሉ መፈጸም አይችልም፤ ለእርሱ ምክሩ ቅንጦት ነው። ለዚህ ነው የቤተሰብና የአሠሪ ማመን ከመድኃኒት እኩል የሚያስፈልገው።

ሲቆሙ ልብ የሚደልቃቸው ሰዎች ደግሞ በማንኛውም ጤና ጣቢያ የሚሠራ ቀላል ምርመራ አላቸው። ተጋድመው 10 ደቂቃ ካረፉ በኋላ የልብ ምታቸውና የደም ግፊታቸው ይለካል፤ ከዚያ 10 ደቂቃ ቆመው እንደገና ይለካል። ግፊቱ ሳይወርድ የአዋቂ ሰው ምት በ30ና ከዚያ በላይ ከጨመረ ምልክቱ ከጭንቀት የመጣ ላይሆን ይችላል፤ ልብንና ደም ሥርን የሚያዘው የነርቭ ሥርዓት መዛባት ሊሆን ይችላል። የሚያስፈልገው ሰዓትና የደም ግፊት መለኪያ ብቻ ነው።

«ቡናው ተበላሽቷል»

ቡና እየተቆላ ሁሉም ጭሱን ወደ ራሱ ሲጋብዝ፣ አንዱ አፍንጫውን ይዞ ከቤት ይወጣል። ቡናው ለእርሱ የተቃጠለ ላስቲክ፣ ወይም የቆሻሻ ሽታ ነው። ባለቡናዋ ትወቀሳለች፤ ቅቤው ይጠረጠራል፤ ሴት ከሆነች «ነፍሰ ጡር ሳትሆን አትቀርም» ይባላል። ቡዳ ነው የሚልም አይጠፋም።

ባለቡናዋ ንጹሕ ናት። ቫይረሱ የማሽተት ነርቮችን ደጋፊ ሕዋሳት ይጎዳል፤ ሲያገግሙ ሽታው ተዛብቶ ይመለሳል። በእንግሊዝ የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 ዓ.ም. ባሳተሙት ሥራ፣ እንዲህ ያሉ ሰዎችን በዋናነት የሚያስጠላቸው በተቆላ ቡና ውስጥ ያለ ድኝ አዘል ውህድ መሆኑን ለይተዋል። የሚያስቸግሩት ሌሎች ነገሮች ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የተጠበሰ ሥጋና ዶሮ ናቸው። የኢትዮጵያ ማጀት ለዚህ በሽታ የማይመች መሆኑ ግልጽ ነው።

ደስ የሚለው ሕክምናውም ከዚያው ማጀት መገኘቱ ነው። ከኮቪድ ከአሥር ዓመት በፊት ጀርመን አገር ተሞክሮ የተለመደው የማሽተት ልምምድ አራት ሽታዎችን ይጠቀማል፤ ጽጌረዳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ሎሚና ቅርንፉድ። ጠዋትና ማታ እያንዳንዱን ለ20 ሰከንድ ያህል ቀስ ብሎ እያሸተቱ፣ ሽታው ምን እንደነበር ለማስታወስ እየሞከሩ፣ ቢያንስ ለሦስት ወር መቀጠል ነው። ሁሉም አይድንበትም፤ ጉዳት ግን የለውም። እስኪሻል ድረስ የጋዝ ምድጃና የዋለ ወተት ጉዳይ በሌላ ሰው አፍንጫ ቢጣራ ይሻላል።

«ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት፤ ካልሆነም መታጠን»

መታጠን እዚህ ከተማ ውስጥ ረጅም ታሪክ አለው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባን ሲያጠቃ የሞተው ሰው 10,000 ገደማ እንደሚሆን ይገመታል፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል። ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ የሚቃጠለው ከዚያ ወዲህ ነው። ኮቪድ ሲመጣም ባሕር ዛፍ ተቀቀለ፣ የነጭ ሽንኩርትና የሎሚ ዋጋ ሰማይ ነካ። እንፋሎት የተዘጋ አፍንጫ ያላላ ይሆናል፤ ቫይረስ ግን አይገድልም፣ የዛለ ጡንቻም አያድስም። የፈላ ውሃ በብርድ ልብስ ሥር ሕፃናትን ያቃጥላል፤ የቆሻሻ ጭስ ደግሞ የሳንባን ጉዳት ያባብሳል። ዝንጅብል ሻይ እንደ ሻይ ይጠጣ፤ እንደ መድኃኒት ተቆጥሮ ሐኪም ቤት መሄድን ካስቀረ ግን ጎጂ ነው።

የፋርማሲው መደርደሪያም ቢሆን ተአምር አልያዘም። በአሜሪካ የስታንፎርድ ሐኪሞች ለአጣዳፊው ኮቪድ የሚታዘዘውን ፓክስሎቪድ ለ15 ቀን ሰጥተው ሞክረው ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው ውጤት ከማስመሰያ ክኒን የተለየ ጥቅም አላሳየም። የተረጋገጠ ፈውስ እስካሁን የለም። ክትባት ቀሪ ሕመሙን የመያዝ ዕድል ይቀንሳል፤ ጨርሶ አያስቀርም።

«የሽማግሌ በሽታ ነው» ለሚሉት መልሱ አጭር ነው። በብዛት የሚያጠቃው በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉትን ነው፤ ከወንድ ሴት ይበዛል፤ ሕፃናትም አይቀሩም።

ብዙዎች በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ እየተሻላቸው ይሄዳል፤ ጥቂቶች ለዓመታት ይቆይባቸዋል። ጤና ጣቢያ የሚሄድ ሰው መቼ እንደታመመ፣ የትኛው ሥራ በስንተኛው ቀን እንደሚጥለውና የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ በወረቀት ጽፎ ቢይዝ የሐኪሙን ጥቂት ደቂቃ ያተርፋል። የደረት ሕመም፣ ራስን ስቶ መውደቅ፣ የአንድ እግር ድንገተኛ እብጠት ወይም ቁጭ ብሎም የማይለቅ የትንፋሽ ማጠር ግን ቀጠሮ አይጠብቁም፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል መድረስ ያስፈልጋል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው።