የምክር ክፍሉ ምስጢርና የፖሊስ መዝገብ

በኢትዮጵያ ሕግ የታካሚውን ምስጢር ያወጣ ባለሙያ የሚጠየቅበት ድንጋጌ ግልጽ ነው፤ በቤት ውስጥ የሚደርስ ጥቃትን ሰምቶ ዝም ያለ ባለሙያ የሚጠየቅበት ግን እጅግ ጠባብ ነው። በድሬዳዋ ሆስፒታል የሚሠራ የሥነ አእምሮ ነርስ፣ በግል ክሊኒክ ያለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ አንዲት ሴት ባሏ እንደሚደበድባት ስትነግረው፣ ወይም አንድ ልጅ በቤቱ የሚደርስበትን ሲያወጣ፣ ቀጥሎ የሚሆነው ነገር በአብዛኛው የሚወሰነው በእነዚህ ሁለት ድንጋጌዎች መካከል ባለው ክፍተት ነው።

የመጀመሪያው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 ነው። ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ አዋላጆችና ሌሎች የሕክምና ረዳቶች በሥራቸው ምክንያት ያወቁትን ምስጢር ቢገልጡ፣ ተበዳዩ አቤቱታ ሲያቀርብ በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ይቀጣሉ። ተከታዩ አንቀጽ ምስጢሩ የሚነገርበትን ሁኔታ ያስቀምጣል፤ ዋነኛው የባለ ምስጢሩ ፈቃድ ነው፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝም አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተጠበቀው የግል ሕይወት መብትም ከዚሁ ጎን ይቆማል። ስለዚህ «ልንገርልሽ?» የሚለው ጥያቄ ከባለሙያው ትሕትና ብቻ የመጣ አይደለም። ባለሙያውን ከተጠያቂነት የሚያወጣው መልሱ ነው።

ሁለተኛው አንቀጽ 443 ነው። በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል መፈጸሙን ወይም ፈጻሚውን እያወቀ፣ በቂ ምክንያት ሳይኖረው ለሚመለከተው አካል ያላሳወቀ ሰው ይቀጣል። በሕግ ወይም በሙያው ደንብ መሠረት የሕዝብን ደኅንነት ለመጠበቅ ሲባል የማሳወቅ ግዴታ ያለበትና ያላሳወቀም እንዲሁ። ቅጣቱ ከአንድ ሺህ ብር ያልበለጠ መቀጮ ወይም ከስድስት ወር ያልበለጠ ቀላል እስራት ነው። የመጀመሪያው ክፍል ሲሰላ የሚያስገርም ውጤት ይሰጣል። ዕድሜው ከ13 ዓመት በታች በሆነ ልጅ ላይ የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ድፍረት ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ይህ ከባድ ቅጣት ቢሆንም ዕድሜ ልክ ስላልሆነ የማሳወቅ ግዴታውን አይቀሰቅስም። ወደ ዕድሜ ልክ የሚያደርሰው ድርጊቱ ከባድ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ወይም ሞት ያስከተለ እንደሆነ ነው። ባለሙያው ግዴታ እንዳለበት ለማወቅ በቅድሚያ የጉዳቱን ክብደት መመዘን አለበት ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ በሥራው ላይ ላለ ነርስ የሚቀል ሚዛን አይደለም። ሁለተኛው ክፍል «የሙያው ደንብ» ወደሚለው ያመለክታል፤ ሆኖም በሕፃናት ላይ የሚደርስ ጥቃትን ስም ጠርቶ፣ ማን ለማን በስንት ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቅ የሚያዝዝ ራሱን የቻለ ሕግ በአገሪቱ የለም።

ሌሎች አገሮች የሄዱበት መንገድ የተለየ ነው። የአሜሪካው የሕፃናት ሐኪም ሄንሪ ኬምፕና ባልደረቦቹ ስለ ተደበደቡ ሕፃናት የጻፉት ጽሑፍ በ1962 እ.ኤ.አ. ከወጣ በኋላ በአምስት ዓመት ውስጥ ሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች ባለሙያዎች እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ሕግ አወጡ። የደቡብ አፍሪካ የሕፃናት ሕግ አንቀጽ 110 ሐኪሙን፣ የሥነ ልቦና ባለሙያውን፣ መምህሩንና የሃይማኖት አባቱን ሳይቀር በስም እየጠራ ግዴታ ይጥልባቸዋል። ስለ አዋቂ ሴቶች ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ተቃራኒውን ይመክራል፤ የጤና ባለሙያ በባልና በፍቅር ጓደኛ የሚደርስን ጥቃት ለፖሊስ እንዲያሳውቅ ማስገደድ አይደገፍም፤ ሴትየዋ መብቷን አውቃ ከፈለገች ግን ሊያሳውቅላት ፈቃደኛ መሆን አለበት። ከዚህ ሚዛን ቢታይ የኢትዮጵያ ሕግ ለአዋቂዋ ሴት ሳያስበው ትክክለኛው ቦታ ላይ ቆሟል፤ ክፍተቱ የሚከፋው ፈቃድ መስጠት በማይችለው ልጅ ላይ ነው።

የምክር ክፍሉ ውስጥ የሚሆነው ከዚህ ይጀምራል። በጥንቃቄ የሚሠራ ባለሙያ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ምንም ሳይነገረው፣ የምስጢር ጥበቃው የት ላይ እንደሚያበቃ ይናገራል፦ ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ካለ፣ ልጅ ላይ ጉዳት ከደረሰ፣ ፍርድ ቤት ካዘዘ። ይህ ከኋላ የሚመጣውን ክህደት የሚመስል ስሜት ያስቀራል። ከዚያ የሚቀጥለው ማን ክፍሉ ውስጥ አለ የሚለው ነው። ድሬዳዋ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛና ሐረሪ ጎን ለጎን የሚነገርባት ከተማ ናት፤ ባለሙያውና ታካሚዋ ቋንቋ ካልተገናኙ ለማስተርጎም የሚቀርበው አብሯት የመጣው ሰው ይሆናል፣ እሱም አንዳንዴ ባሏ ወይም የባሏ እህት ነው። በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» ከሚለው ሌላ መልስ መጠበቅ ከንቱ ነው። ቋንቋ የሚችል የሥራ ባልደረባ መፈለግ ወይም ቀጠሮውን ለሌላ ቀን ማዛወር ይሻላል።

ዝምታው ሰፊ መሆኑ በቁጥር ይታወቃል። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው በባል አካላዊ፣ ጾታዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው አግኝቷል። አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች 66 በመቶው እርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም። በዚሁ ጥናት ባል ሚስቱን ለመምታት በቂ ምክንያት የሚሆኑ ሁኔታዎች አሉ ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ሲሆኑ ወንዶቹ 28 በመቶ ነበሩ። እነዚህ ቁጥሮች አማካሪው ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመውን ያስረዳሉ፤ የተደበደበችው ሴት ጥቃት ደረሰብኝ ብላ አይደለም የምትመጣው። እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ራሴን ያመኛል፣ ልቤ ይመታል ብላ ነው።

ሴትየዋ ይነገር ካለች፣ ወንጀሉ ምን እንደሆነ መለየት ይከተላል። አንቀጽ 564 በትዳር ወይም አብሮ በመኖር ውስጥ የሚፈጸም ጥቃት እንደማንኛውም የአካል ጉዳት ወንጀል እንዲታይ ያደርጋል። ከባድ የአካል ጉዳት ከሆነ ፖሊስ በማንኛውም ሰው ጥቆማ ሊመረምር ይችላል። ቀላሉ ጉዳትና የእጅ እልፊት ግን በግል አቤቱታ የሚቀርቡ ስለሆኑ ከራሷ ወይም ከሕጋዊ ወኪሏ በስተቀር ሌላ ሰው ቢናገር ምርመራው አይንቀሳቀስም። በባል የተፈጸመ አስገድዶ መድፈር ደግሞ በዚህ ስም መዝገብ አይከፈትበትም፤ አንቀጽ 620 ድርጊቱን ከጋብቻ ውጭ የሚፈጸም አድርጎ ነው የሚተረጉመው። ለልጆች አንቀጽ 576 አለ፦ ልጅን በኃላፊነት የያዘ ሰው ቢበድለው፣ ችላ ቢለው፣ ከአቅሙ በላይ ቢያሠራው ወይም ቢደበድበው እስከ ሦስት ወር ቀላል እስራት ያገኘዋል፤ በጤናው ላይ ከባድ ጉዳት ከደረሰ ቅጣቱ ከአንድ ዓመት የማያንስ ይሆንና የቤተሰብ መብት መሻር ይጨመርበታል። ለተገቢ አስተዳደግ የሚሰጥ የእርማት ቅጣት ግን ከዚህ ውጭ ተደርጓል። የት ላይ አርጩሜ ማሳደግ መሆኑን እንደሚያቆም ሕጉ ስላልተናገረ፣ ያን ድንበር በመጀመሪያ የሚያሰምረው የልጁን ጀርባ ያየው ሰው ነው።

በድሬዳዋ ጉዳዩ የሚያልፍበት ዋናው በር በድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል ያለው፣ በተለምዶ ዋን ስቶፕ ሴንተር የሚባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ነው። አሠራሩ በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል በ2004 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን፣ ሐሳቡ ተጠቂዋ ታሪኳን ለሐኪም፣ ለፖሊስ፣ ለዐቃቤ ሕግና ለአማካሪ በየቢሮው እየዞረች እንዳትደጋግም ሁሉንም በአንድ ቦታ ማገናኘት ነው። ቀድሞ ሆስፒታሉ የሕክምና ማስረጃ ለመስጠት የፖሊስ ደብዳቤ ይጠይቅ፣ ፖሊስ ደግሞ የሕክምና ማስረጃ ይጠይቅ ነበር፤ በመካከሉ ቀኑ ያልፍ ነበር። ቀን ማለፉ ቀላል ነገር አይደለም። የተደፈረን ሰው ከኤች አይ ቪ የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ አምስት ቀን ያገለግላል፣ በቶሎ ሲወሰድ ግን ይበልጥ ይሠራል፤ በሰውነትና በልብስ ላይ ያለው ማስረጃም በየሰዓቱ ይጠፋል። ስለዚህ ሕክምናው ይቀድማል፤ ፖሊስ ቢጠራም ባይጠራም። እርግዝና ከመጣ ደግሞ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 እና 552 በመደፈር ወይም በዘመድ መካከል በተፈጸመ ግንኙነት የተፀነሰን ፅንስ ማቋረጥ ይፈቅዳሉ፤ ለዚህም የሴትየዋ ቃል ብቻ በቂ ነው፣ ማስረጃ አቅርቢ አትባልም።

ወደ ፖሊስ የሚሄደው ጥቆማ ሥርዓቱን የሚያገኘው ከ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ወንጀል ሲፈጸም በዓይኑ ያላየ ሰው እንኳ የማመልከት መብት እንዳለው አንቀጽ 11 ይናገራል፤ የተባለው በጽሑፍ ይሰፍራል፣ ለተናጋሪው ይነበብለታል፣ ይፈርማል። ይህ መብት ለባለሙያውም ይሠራል፣ የምስጢር ግዴታውን ግን አያነሳለትም። በልጅ ጉዳይ ብዙ ባለሙያዎች የሚይዙት መንገድ በዳይ ያልሆነውን ወላጅ ወይም ሌላ አሳዳሪ ፈልጎ ፈቃዱን መቀበል ነው፤ እናት የምትታመን ከሆነች አቤቱታውም በእሷ በኩል ይሄዳል። ሁለቱም ወላጆች በጉዳዩ ካሉበት የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ የያዘው የከተማው ቢሮ ይገባል። ማስታወሻው ላይ የሚጻፈው ልጁ የተናገረው በራሱ ቃላት፣ የታየው ምልክት፣ ቀኑና ሰዓቱ ነው። ደጋግሞ መጠየቅ የመርማሪው እንጂ የአማካሪው ሥራ አይደለም፤ በብዙ አፍ የተጠየቀ ልጅ ቃሉ ይለዋወጣል፣ የተከሳሽ ጠበቃም ያንን ነው የሚይዘው።

የድሬዳዋ አቀማመጥ ራሱ ሌላ ጥያቄ ያመጣል። ድል ጮራ የሚያክመው የከተማውን ሰው ብቻ አይደለም፤ ከምሥራቅ ሐረርጌና ከሶማሌ ክልል ሲቲ ዞንም ይመጣል። በከተማዋ ሳቢያን ሰፈር የደረሰ ጥቃት ለከተማው ፖሊስ ይቀርባል፣ ችሎቱም በከተማዋ የሚያስችሉት የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ናቸው፤ የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ በቀጥታ ይሠራል። ከከተማዋ ውጭ ባሉት በሽኒሌ ወይም በሐሮማያ የተፈጸመ ከሆነ ግን ምርመራው የክልሉ ፖሊስ ነው፣ የቤተሰቡም ጉዳይ በክልሉ ፍርድ ቤት ይታያል። ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ የሰው ጉዳይ ከአንድ ሥልጣን ወደ ሌላው ይሻገራል።

ጥቆማው ከተሰጠ በኋላ ያለችው የመጀመሪያ ሌሊት ከሁሉ ታስጨንቃለች። ፖሊስ የተጠረጠረውን ከያዘ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት፣ በዋስ ሊወጣም ይችላል። ባልየው ከቤት እንዲርቅ የሚያዝዝ የተለየ የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግ ስለሌለ ሴትየዋ የምትሄድበትን ማሰብ ከጥቆማው መቅደም አለበት፦ የእናቷ ቤት፣ የታመነች ጎረቤት፣ ወይም ማረፊያ። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር በ1995 ዓ.ም. ተመሥርቶ ማረፊያዎችን ከአዲስ አበባ ውጭም አስፋፍቷል፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ደግሞ በድሬዳዋ በነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። ፍቺ ከተጠየቀ የቤተሰብ ሕጉ ፍርድ ቤቱ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆች አያያዝና ስለ ንብረት ወዲያውኑ ትእዛዝ እንዲሰጥ ያደርጋል፤ በተግባር ለብዙ ሴቶች ይህ ከወንጀል ክሱ ፈጥኖ የሚደርስ ከለላ ነው።

ሽምግልናው ግን ከፍርድ ቤቱ ይፈጥናል። አገር ሽማግሌ፣ አፎቻ የሚባለው የመረዳጃ ማኅበር አባላት፣ የሃይማኖት አባት ወይም ቃዲ ይገባሉ። በ1992 ዓ.ም. የተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙ ጋብቻን፣ ፍቺንና የልጅ አሳዳሪነትን ያያሉ፤ በወንጀል ላይ ግን ሥልጣን የላቸውም። በግል አቤቱታ የቀረበው ጉዳይ በእርቅ ይዘጋል። መድፈርን ወይም ከባድ ጉዳትን ሽማግሌ ሊዘጋው አይችልም፣ ሆኖም ምስክሮቹ ሳይቀርቡ ከቀሩ መዝገቡ በራሱ ይሞታል። እርቁ ሲመጣ አማካሪውን «ቤት አፍራሽ» የሚለው ስም ያገኘዋል፤ በድሬዳዋ ሰፈሮች ሰው ሁሉ ስለሚተዋወቅ ስሙ ከክሊኒኩ ቀድሞ ከዚራና መጋላ ይደርሳል።

ለጠቋሚውና ለምስክሩ ከለላ የሚሰጠው የ2003ቱ አዋጅ ቁጥር 699 ነው፤ የሚሠራው ግን አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል፣ በሌላ መንገድ ሊደረስበት በማይችል ጉዳይና ከባድ አደጋ ሲያሰጋ ነው። የሕፃናት የወሲብ ጥቃት ይህን የቅጣት መጠን ብዙ ጊዜ ያሟላል፤ የሚስት ድብደባ ግን እምብዛም አይደርስበትም።

ጉዳዩ ችሎት ከደረሰ ባለሙያው ሊጠራ ይችላል፤ ፍርድ ቤት ሲያዝ ምስጢሩ ይከፈታል፣ መናገር ያለበትም የተጠየቀውን ያህል ነው። ሕፃን ምስክር ሲሆን በአዲስ አበባ በልደታ የተጀመረው ለሕፃናት ምቹ ችሎት አሠራር አለ፤ ልጁ በሌላ ክፍል ተቀምጦ በካሜራ ይታያል፣ ጥያቄው በማኅበራዊ ሠራተኛ አፍ ይደርሰዋል፣ ተከሳሹን ፊት ለፊት አያይም። ከዚያ ውጭ የሚቀረው የምክር ክትትሉ ነው። እሱ ከክሱ ጋር አይዘጋም፤ ተፈረደም፣ ነፃ ተለቀቀም፣ ተታረቁም ቀጠሮው ይቀጥላል። መስካሪውንና አካሚውን ሁለት ሰው ማድረግ በሚቻልበት ቦታም ሥራው ለሁለት ባለሙያዎች ይከፈላል፤ በድሬዳዋ ግን ባለሙያው ጥቂት ስለሆነ ያው አንድ ሰው ሁለቱንም ሲይዝ ይታያል።