የሩፔል ቆዳዎች

ከዓለም ከተማ ወጣ ብሎ የጀማን ሸለቆ ቁልቁል ለሚያይ ሰው፣ ጥንብ አንሳን ከበላዩ ሳይሆን ከእግሩ ሥር ሲያንዣብብ ማየት ብርቅ አይደለም። ከእነዚህ ትላልቅ አሞሮች አንዱ ዝርያ የሩፔል ጥንብ አንሳ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1973 አንዱ ከአቢጃን በላይ በ11,300 ሜትር ከፍታ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል፤ ከዚያ ከፍ ብሎ የበረረ ወፍ እስካሁን አልተመዘገበም።

ወፉ በስሙ የሚጠራው ኤድዋርድ ሩፔል በ1794 ፍራንክፈርት ውስጥ ተወለደ፤ የባንክ ባለቤት ልጅ ነው። ግብፅንና ኑብያን ዞሮ ካበቃ በኋላ፣ በ1830ዎቹ መጀመሪያ በምጽዋ በኩል ገብቶ የሰሜን ተራሮችንና ጎንደርን አየ። አገሩ ያኔ በመሳፍንት እጅ ነበር። በዚያው ዘመን የሰሜን አሜሪካ አጥማጆች ለባርኔጣ ገበያ የቢቨር ቆዳ ያሳድዱ ነበር። ሩፔልም ቆዳ ነበር የሚሰበስበው፤ የእሱ ግን መድረሻው በትውልድ ከተማው ያለው የዜንከንበርግ ሙዚየም ነው።

ሥራው የሚያምር አይደለም። እንስሳው ይገደላል፣ ይገፈፋል፣ ስቡ ይፋቃል። በጊዜው ሙያ ቆዳው ነቀዝ እንዳይበላው አርሰኒክ ባለበት ሳሙና ከውስጥ በኩል ይታሻል፤ የራስ ቅሉ ለብቻው ይጸዳል። ከዚያ ተጠቅልሎ የረጅም ጉዞ ጭነት ይሆናል።

ከዚህ ጭነት ጭላዳና ዋልያ በ1835፣ ቀይ ቀበሮ በ1840 በሳይንስ መዝገብ ሰፈሩ፤ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ትልቁ ቁራም እንዲሁ። የለንደኑ ሮያል ጂኦግራፊካል ሶሳይቲ በ1839 የወርቅ ሜዳልያ ሸለመው። የብራና መጻሕፍትም ይዞ ሄዷል፤ እነሱም ፍራንክፈርት ቀርተዋል። ለእኛ ከቆዳው ይልቅ የሚቆጨው ይህኛው ሳይሆን አይቀርም።

መንዝን ግን አላየም። የመንዝ ሰው በጓሳ የሣር ምድር ላይ ቀበሮውንና ጭላዳውን የጠበቀው ስለ ሳይንሱ አስቦ አልነበረም፤ የጣራ ክዳንና የድርቅ ዘመን ግጦሽ አሳስቦት ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ ወገኖች በቄሮ ሥርዓት መሬቱን ለዓመታት ይዘጉት፣ ሲበቃ ከፍተው ሣሩን ያጭዱት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው።

አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች በዓለም ከ500 አይበልጡም፤ ጥቂቶቹ እዚያው ጓሳ ላይ አሉ። ሣር በሚነጩ የጭላዳ መንጎች መሐል ቀስ ብለው ሲዘዋወሩ ጭላዶቹ አይደነብሩም፤ ቀበሮዎቹም የጭላዳዎቹን ግልገሎች ትተው አይጥ ይለቅማሉ። ሩፔል የሁለቱንም ቆዳ ወስዷል፤ ይህ ጉርብትና ግን በጥናት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ተመራማሪዎች ጓሳ ላይ እንደቆጠሩት፣ ቀበሮ ብቻውን ሲያድን ከአራት ሙከራ አንዱ ይሳካለታል፤ ከጭላዳ ጋር ሲሆን ግን ከሦስት ሁለቱ።