ያውቁ ኖሯል? የሐኪም እጅ ሲቆጠር

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለው ሃንጋሪያዊ ሐኪም እጅ መታጠብን ያዘዘው የሞት መዝገብ ሲያገላብጥ ከርሞ እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። በአንደኛው ሐኪሞችና ተማሪዎቻቸው፣ በሁለተኛው አዋላጆች ይሠራሉ። በ1846 በሐኪሞቹ ክፍል ከ100 እናቶች 11 ያህሉ ሲሞቱ፣ በአዋላጆቹ በኩል የሞቱት ግን 3 እንኳ አይሞሉም ነበር። ሐኪሞቹ ጠዋት አስከሬን ሲመረምሩ ቆይተው በዚያው እጃቸው ምጥ ወደያዛት ሴት ይሄዱ ነበር። በሜይ 1847 ማንም ሰው በክሎሪን ውሃ ሳይታጠብ ወደ ክፍሉ እንዳይገባ ተከለከለ። ኤፕሪል ላይ ከ100 እናቶች 18 የነበረው ሞት በጁን ወደ 2 ገደማ ወረደ።

ይህ ሰው መጽሐፉን ያሳተመው ግን ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1861 እንደነበረስ? ያልተቀበሉትን ባልደረቦቹን በግልጽ ደብዳቤ ነፍሰ ገዳዮች እያለ ወቀሳቸው። በ1865፣ በ47 ዓመቱ፣ ቪየና ውስጥ በአእምሮ ሕሙማን መጠለያ አረፈ። መዝገቡ እውነት ነበር። ዛሬ በየሆስፒታሉ ክትትል የሚያደርጉ ሰዎች ከሕይወቱ ሊወስዱት የሚገባ ነገር አለ ብዬ አምናለሁ፦ ቁጥር እንደ ክስ ከቀረበ፣ ትክክል ቢሆንም እንኳ ሰሚ ያጣል።

ሐኪም ስለ ራሱ እጅ የሚሰጠው ምስክርነት ምን ያህል እንደሚያስተማምን ያውቁ ኖሯል? በ1990ዎቹ አውስትራሊያ ውስጥ በአንድ የሕፃናት ፅኑ ሕሙማን ክፍል ሐኪሞች ሲጠየቁ፣ መታጠብ ካለባቸው ጊዜ በአማካይ 73 በመቶውን እንደሚታጠቡ ተናገሩ። በታዛቢ ሲቆጠር 9 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሞቹ ዋሹ ማለት አይደለም፤ የታጠቡትን ያስታውሳሉ፣ ያለፉትን አያስታውሱም። መጠይቅ ብቻ በትኖ «ሠራተኞቻችን ይታጠባሉ» የሚል ሪፖርት የሚያወጣ ሆስፒታል ካለ ይህን ይመልከት።

የዓለም ጤና ድርጅት ታዛቢ በቅጹ ላይ የሠራተኛውን ስም እንደማይጽፍ ያውቁ ኖሯል? የሚጽፈው ሙያውን ብቻ ነው፦ ነርስ፣ ሐኪም፣ አዋላጅ። አንድ ጊዜ ቆሞ የሚታዘበው 20 ደቂቃ ያህል ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ ከሦስት ሠራተኛ በላይ አይከታተልም። የሚቆጥረው እጅ መጽዳት የነበረበትን አጋጣሚና የጸዳበትን ነው፤ ሁለተኛው ለመጀመሪያው ተካፍሎ በ100 ይባዛል። ውጤቱን ከቀድሞው ጋር ለማነጻጸር ከአንድ ክፍል 200 ያህል አጋጣሚ ያስፈልጋል። ጓንት አድርጎ እጁን ያላጸዳ ሰው አላጸዳም ተብሎ ይመዘገባል፤ ጓንት እጅ መታጠብን አይተካም።

አጋጣሚዎቹ አምስት ናቸው፦ ታካሚውን ከመንካት በፊት፣ ንጽህና የሚጠይቅ ሥራ (ለምሳሌ የደም ሥር መርፌ ማስገባት) ከመጀመር በፊት፣ ከደም ወይም ከሰውነት ፈሳሽ ጋር ከተነካኩ በኋላ፣ ታካሚውን ከነኩ በኋላ፣ የአልጋውን ዙሪያ ከነኩ በኋላ። በሳሙና ከሆነ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ፣ በአልኮል ከሆነ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይፈጃል።

በ2010 የወጣ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ ሠራተኞች ታካሚውን ከመንካታቸው በፊት 21 በመቶ፣ ከነኩ በኋላ ግን 47 በመቶ እጃቸውን እንደሚያጸዱ ማሳየቱን ያውቁ ኖሯል? ነርሶች 48፣ ሐኪሞች 32 በመቶ ነበሩ። ከነኩ በኋላ የሚታጠብ ሰው ራሱንም ይጠብቃል፤ ከመንካት በፊት መታጠብ ግን በዋናነት የሚጠቅመው አልጋ ላይ ያለውን ነው። ስለዚህ አንድ ጠቅላላ መቶኛ ብቻ የሚለጠፍበት ሰሌዳ ዋናውን ነገር ይደብቃል፤ «በፊት» እና «በኋላ» ተለይተው መታየት አለባቸው። የካናዳዋ ኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት ከ2009 ጀምሮ ሆስፒታሎቿ ሁለቱን ለይተው ለሕዝብ እንዲያሳውቁ አድርጋለች።

እዚያው ካናዳ በ2014 በታተመ ጥናት፣ ታዛቢው ሊያያቸው በሚችል የሳኒታይዘር ማከፋፈያዎች አጠቃቀሙ ከወትሮው ሦስት እጥፍ ገደማ ሆኖ እንደተገኘስ ያውቁ ኖሯል? ሰው ሲታይ ይታጠባል።

ማየት ብቻውን ግን አይበቃም። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ በኒውዮርክ ግዛት 17 አልጋ ባለው አንድ የፅኑ ሕሙማን ክፍል የተሠራው ጥናት ነው። የእጅ መታጠቢያዎቹን የሚቀርጽ ካሜራ ተተከለ፤ ለ16 ሳምንት ውጤቱ ለሠራተኞቹ ሳይነገር ተመዘገበ። የታጠቡት ከ10 በመቶ በታች ነበሩ። ከዚያ የየሰዓቱ ውጤት ግድግዳ ላይ በተሰቀለ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ለራሳቸው ይታይ ጀመር፤ በሚቀጥሉት 16 ሳምንታት ከ80 በመቶ በላይ ደረሰ። ከዚያም በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ አልወረደም። ካሜራው ያው ነው፣ ሠራተኞቹም ያው ናቸው። የተለወጠው ቁጥሩ ወደ ባለቤቶቹ መመለሱ ነው። ስንቱ የክትትል ቅጽ በየቢሮው ፋይል ውስጥ ተቀምጦ እንደሚቀር ሳስብ ያሳዝነኛል።

በ12 ሰዓት ፈረቃ ውስጥ ሠራተኛው እየደከመ ሲሄድ የእጅ ንጽህናው በ9 መቶኛ ነጥብ ያህል እንደሚወርድ ያውቁ ኖሯል? በአሜሪካ 35 ሆስፒታሎች ከ4,000 በላይ ሠራተኞች ላይ የታየ ነው። ጠዋት ብቻ የሚታዘብ ሰው ይህን አያገኘውም።

በአውስትራሊያ ብሔራዊው የእጅ ንጽህና ዘመቻ ከ2009 እስከ 2017 አፈጻጸሙን ከ64 ወደ 84 በመቶ ገደማ አድርሶታል፤ የየሆስፒታሉ ውጤትም ለሕዝብ ይወጣል።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በ2014 በታተመ ጥናት መሠረት አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የማስተማሪያ ሆስፒታል አፈጻጸሙ 2.1 በመቶ የነበረ ሲሆን፣ ሥልጠናና የአልኮል ማጽጃ ያካተተ ዘመቻ ከተደረገ በኋላ 12.7 በመቶ ደረሰ። ስድስት እጥፍ ዕድገት ነው፤ ያም ሆኖ ከ100 አጋጣሚ 87ቱ አልፈዋል። ባማኮ በሚገኘው የማሊው ፖይንት ጂ ሆስፒታል ደግሞ ከሸንኮራ አገዳ አልኮል እዚያው በተመረተ ማጽጃ ከ8 ወደ 21.8 በመቶ ተደርሷል። በዓለም ካሉ የጤና ተቋማት ግማሽ ያህሉ ታካሚ በሚታይበት ቦታና በመጸዳጃ ቤት የእጅ ማጽጃ አሟልተው እንዳልያዙ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2022 አስታውቀዋል። ውሃ በሌለበት ነርሷን መቁጠር እሷን መበደል ነው፤ መጀመሪያ ቧንቧው ይቆጠር።

የዓለም የእጅ ንጽህና ቀን ሜይ 5 የሚከበር በመሆኑ ከእኛው ሚያዝያ 27፣ ከአርበኞች የድል በዓል ጋር አንድ ቀን እንደሚውል ያውቁ ኖሯል?

ካሜራም ሰልጣኝ ታዛቢም ለሌለው ሆስፒታል ሌላ መንገድ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የራስ መገምገሚያ በ1,000 የታካሚ ቀናት ቢያንስ 20 ሊትር የአልኮል ማጽጃ ፍጆታን እንደ መለኪያ ይጠቀማል። 100 አልጋው የተያዘበት ሆስፒታል 1,000ውን በ10 ቀን ይሞላል፤ ለአንድ ታካሚ በቀን 20 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። በአንድ ጊዜ 3 ሚሊ ሊትር ከተወሰደ በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ማለት ነው። ማን እንደተጠቀመ ወይም መቼ እንደሆነ አይነግርም፤ የፈሰሰውንም ከታሸው አይለይም። ሆኖም የመጋዘኑ ቢን ካርድ (የገቢና ወጪ መመዝገቢያ) እና የአልጋ መዝገቡ ብቻ ካሉ፣ የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ነገ ጠዋት ስሌቱን ልትጀምረው ትችላለች።