በየሎውናይፍ የሚያስፈራው ድቡ አይደለም

ኤድመንተን ወይም ካልጋሪ ካለ የሀበሻ ቤት ቡና ላይ ተቀምጣችሁ «ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ የሎውናይፍ እንውሰዳቸው» ብትሉ መልሱ ይታወቃል። «ምን አጠፉ?» ከዚያ ወሬው ይከተላል፤ ግማሹ ዓመት ጨለማ ነው፣ ነጭ ድብ በመንገድ ይዞራል፣ ከሰሜን ብርሃን ሌላ የሚታይ የለም። አብዛኛው ተረት ነው። ሰዉ የማያስፈራውን ይፈራል፤ ሊጠነቀቅለት የሚገባውን ግን ሳያየው ያልፋል።

ከተማዋ የኖርዝዌስት ቴሪቶሪስ ዋና ከተማ ናት። አላስካ ውስጥ የምትመስለው ሰው ብዙ ነው፤ አላስካ የአሜሪካ ነው፣ የሎውናይፍ የካናዳ። የሚኖርባት ሕዝብ 20,000 ያህል ሲሆን የተቆረቆረችው በሰሜን አሜሪካ አቻ የሌለው ጥልቀት ባለው በግሬት ስሌቭ ሐይቅ ዳርቻ ነው። ሐይቁ 614 ሜትር ይጠልቃል። በመኪና አትደረስም የሚባለውም ያረጀ ወሬ ነው። በፊት የማኬንዚን ወንዝ በበጋ በጀልባ፣ በብርድ ወራት በበረዶው ላይ ይሻገሩት ነበር፤ በረዶው ሲረጋና ሲቀልጥ ባሉት ሳምንታት መንገዱ ይቆረጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የዴ ቾ ድልድይ ተከፈተና ይህ ቀረ። ከኤድመንተን 1,500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንዳት ግን አለ፤ ልጅ ይዞ ይህን በአንድ ቀን የሚሞክር ይኖራል ብዬ አላስብም። እንጀራ አይገኝም ብላችሁ ከሆነ ደግሞ አትስጉ፤ እዚያም የኢትዮጵያ ምግብ ቤት አለ።

«ስድስት ወር ሌሊት፣ ስድስት ወር ቀን»

ይህ ስለ ዋልታው ጫፍ የሚነገር ነው። የሎውናይፍ ከአርክቲክ ክብ ወደ ደቡብ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ስለምትገኝ ፀሐይ ሳትወጣ የምትውልበት ቀን የለም። በታኅሣሥ አጋማሽ፣ በዓመቱ አጭር ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ወጥታ 9 ሰዓት ላይ ትገባለች። አምስት ሰዓት ያህል ማለት ነው። ጠዋት ተነሥቶ ምሳ ከመድረሱ በፊት ለመውጣት ላሰበ ቤተሰብ ይበቃል።

ወላጅን የሚያስቸግረው እንዲያውም ብርሃኑ ነው። በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል አልፎ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሰማዩ አይጨልምም፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ40 ገደማ ተመልሳ ትወጣለች። «ገና ቀን ነው፣ ለምን እተኛለሁ?» ለሚል የአምስት ዓመት ልጅ መልስ የለም። ብርሃን የማያሳልፍ መጋረጃ የሌለው ማረፊያ አትያዙ።

«ነጭ ድብ ያገኘናል»

አያገኛችሁም። ነጭ ድብ የባሕር በረዶ እንስሳ ነው፤ «ሲል» የሚባለውን የባሕር እንስሳና ሌላም አድኖ የሚበላው በሰሜን በኩል በአርክቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ ነው፤ ከከተማዋ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይርቃል። ወሬውን ያስፋፋው የመኪናው ሰሌዳ ይመስለኛል፤ የግዛቲቱ ሰሌዳ በነጭ ድብ ቅርጽ የተቆረጠ ነው። ልጆቹ ድቡን ካላዩ የማይመለሱ ከሆነ ወደ ሕግ አውጪው ምክር ቤት ውሰዷቸው፤ ቆዳው እዚያ ተነጥፏል። ጉብኝቱ በነጻ ነው። ምክር ቤቱም ራሱ ያስገርማል፤ የፖለቲካ ፓርቲ የለበትም፣ 19ኙ አባላት በግል ተወዳድረው ገብተው በመግባባት ያስተዳድራሉ፤ ግዛቲቱም 11 የሥራ ቋንቋዎች አሏት። ከእሱ ብዙ ሳይርቅ የዌልስ ልዑል የሰሜን ቅርስ ማዕከል የሚባለው ሙዚየም አለ፤ እሱም በነጻ ነው። ሙስ በሚባለው ትልቅ አጋዘን ቆዳ የተሠራውን ትልቅ ጀልባ ልጆች ቆመው ያዩታል።

በበጋ በጫካው ጥቁር ድብ አለ፤ ምግብና ቆሻሻ ድንኳን አጠገብ አለመተው ነው። ከተማው ውስጥ ግን ዘወትር የምታገኙት ቁራ ነው፤ ትልቅና ደፋር ነው፣ የቆሻሻ ከረጢት ይቀድዳል። የበረዶ ጎጆ ፍለጋ የሚመጣም አይጠፋም። አካባቢው ግን የዴኔ ሕዝብ አገር ነው፤ የበረዶ ጎጆ ደግሞ ከሌላው የሰሜን ሕዝብ፣ ከኢኑይት ጋር የሚሄድ ነው።

«በዚያ ብርድ ልጅ ውጭ አይወጣም»

ብርዱ ተረት አይደለም። የጥር አማካይ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እስከ 40 የሚወርድባቸው ቀናት ይመጣሉ። መኪና ሁሉ ከፊቱ የኤሌክትሪክ ገመድ ተንጠልጥሎበት የምታዩትም ሞተሩ በሌሊት እንዲሞቅ ስለሚሰካ ነው። ቢሆንም ልጆቹ ውጭ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በየዓመቱ በማርች ወር በሐይቁ በረዶ ላይ የበረዶ ግንብ ይሠራል። «ስኖውኪንግ» የሚባል ፌስቲቫል ነው፤ ግድግዳው፣ መድረኩ፣ የልጆች መንሸራተቻው ሁሉ በረዶ ነው። ዘፈኑም ቲያትሩም እዚያው ውስጥ ይካሄዳል። በዚያ ወር ቀኑ ረዝሟል፣ ብርዱም ላላ ብሏል፤ ከብርድ ወራት ለቤተሰብ አንድ ምረጡ ብባል እሱን ነው የምመርጠው።

ጉዳቱ የሚመጣው ከአለባበስ ስሕተት ነው። ብዙዎቻችን አንድ ወፍራም ካፖርት ይበቃል እንላለን። የሚያሞቀው በድርቦቹ መካከል የሚያዘው አየር ነው፤ ጋቢ አራት እጥፍ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። የጋቢው ጥጥ ግን እዚህ አይረዳም፤ ልጅ ሮጦ ካላበው ጥጡ ርጥበቱን ይዞ ሰውነቱን ያቀዘቅዛል። ከሥር ሱፍ ወይም ላብ የማይዝ ጨርቅ ይለበስ። ጫማ ደግሞ ሁለት ወፍራም ካልሲ ተጠቅጥቆበት ጠባብ ከሆነ ደም አያዘዋውርም፣ እግር ቶሎ ይደነዝዛል። ለእጅ አምስት ጣት ካለው ጓንት አራቱን ጣት አንድ ላይ የሚይዘው ይሻላል።

ነፋስ ሲጨመርበት የሚሰማው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪን ካለፈ ያልተሸፈነ ቆዳ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሊጎዳ ይችላል። የልጁ ጉንጭ ወይም የአፍንጫው ጫፍ ሲነጣና ሲደነዝዝ «በበረዶ እሸው» የሚሉ ሽማግሌ ያጋጥማችሁ ይሆናል። አትሹት። ማሸት የተጎዳውን ቆዳ ይባስ ያቆስለዋል። ወደ ቤት አስገቡት፣ ለብ ባለ ውሃ አሙቁት፣ ስሜቱ ካልተመለሰ ወይም ውሃ ከቋጠረ ሐኪም ይየው።

«የሰሜን ብርሃን የሚታየው በከባድ ብርድ ነው፣ ከሄድን ደግሞ አይቀርም»

ብርሃኑ ስለ እኛ ብርድ አያውቅም። ከፀሐይ የሚመጡ ቅንጣቶች ወደ 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍታ ላይ ከኦክስጅንና ከናይትሮጅን ጋር ሲጋጩ የሚፈጠር ነው። ብርድና ብርሃን አብረው የሚመጡ የሚመስለው የጠራ ሰማይ ሌሊቱን ስለሚያቀዘቅዝ ነው። የሚያስፈልገው ጨለማና ደመና የሌለው ሰማይ ነው፤ ስለዚህ በሰኔና በሐምሌ አይታይም፣ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ግን ይታያል። ብርሃኑ የሚዘወተርበት ቀለበት በከተማዋ አናት ላይ ስለሚያልፍ ዕድሉ ትልቅ ነው፤ ያም ሆኖ ደመና ካለ የለም። በአንድ ሌሊት ተማምኖ ቲኬት የቆረጠ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። ልጅ ላለው ሰው የእንቁጣጣሽ ሰሞን ይሻላል፤ ሐይቁ ገና አልረጋም፣ ብርሃኑ ውሃው ላይ ይታያል፣ ሕፃን አቅፎ ቆሞ መጠበቅም አያሰቃይም።

«በበጋው ምንም ችግር የለም»

የሎውናይፍ በካናዳ ከተሞች መካከል በበጋ ፀሐይ በብዛት በማግኘት ትታወቃለች። በሐምሌ ቀኑ 21 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ከከተማው 47 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዱ በኋላ አጭር የእግር መንገድ ወደ ካሜሮን ፏፏቴ ያደርሳል፤ ትንሽ ልጅም ይችለዋል። እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በሐምሌ የሚካሄደው «ፎክ ኦን ዘ ሮክስ» የሙዚቃ በዓልም በሎንግ ሌክ አጠገብ ነው።

ግን ትንኝ አለ፤ ብዙ ትንኝ። ለሕፃን ጋሪ መረብ ያዙ። የሰደድ እሳት ጭስም አለ። ሰሜን ስለሆነ እሳት አይነካውም የሚል ሰው ኦገስት 16 ቀን 2023ን ያስታውስ፤ በዚያ ቀን በሰደድ እሳት ምክንያት መላው ከተማ እንዲለቅ ታዘዘ፤ ሕዝቡ የተመለሰው ሴፕቴምበር ውስጥ ነው። በበጋ የሚሄድ ቤተሰብ የጭሱን ዜና ሳያይ አይነሣ።

እንደ በጋው ሁሉ የሐይቁ በረዶም ያዘናጋል። በብርድ ወራት ወደ ዴኔዎቹ መንደር ወደ ዴታ የሚወስደው 6.5 ኪሎ ሜትር መንገድ በሐይቁ በረዶ ላይ ነው፤ መኪና ይሄድበታል፣ ልጆችም ይደነቁበታል። ይህን ያየ ሰው «እንግዲህ ሁሉም ቦታ ድንጋይ ሆኗል» ይላል። መንገዱ ግን የበረዶው ውፍረት እየተለካ የሚከፈትና የሚዘጋ ነው። የወንዝ አፍና የውሃ ፍሰት ያለበት ቦታ በዚያው ብርድ ስስ ሆኖ ይቆያል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያታልለው ግን ጥርት ያለ ውሃ ነው። ከተማዋን የፈጠራት ወርቅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 2004 የሠራው ጃይንት የወርቅ ማዕድን ድንጋዩን ሲያቃጥል አርሴኒክ ይወጣ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በጢስ ማውጫው ወደ አየር ተለቆ በሐይቅና በበረዶ ላይ አረፈ። በ1951 አንድ የዴኔ ሕፃን ከበረዶ በቀለጠ ውሃ ተመርዞ ሞቷል። ዛሬ 237,000 ቶን የአርሴኒክ ብናኝ በማዕድኑ ሥር ተቀብሯል፤ እንዳይፈስ መሬቱን አቀዝቅዞ የመያዝ ሥራም ይካሄዳል። የቧንቧው ውሃ ይመረመራል፣ ይጠጣል። በከተማው ዙሪያ ያሉ ትናንሽ ሐይቆች ግን አንዱ ከሌላው ይለያል፤ የጤና ባለሥልጣኑ የሚያወጣውን የሐይቆች ዝርዝር አይቶ መሄድ ነው። የፍሬም ሌክ ዳርቻ ለእግር ጉዞና ለብስክሌት ጥሩ ነው፣ ሙዚየሙም እዚያው ነው፤ አይዋኙበትም፣ ዓሣም አይጠመድበትም። ልጆቹ መዋኘት ካማራቸው ሎንግ ሌክ ዳር፣ ፍሬድ ሄን ፓርክ ውስጥ፣ አሸዋ ያለው መዋኛ አለ።