ትሪየስቴ፦ ወደቧ፣ ቋንቋዎቿና የተንቀሳቀሰው ድንበር

ትሪየስቴ በአድሪያቲክ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከስሎቬኒያ ወሰን በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ የምትገኝ የኢጣሊያ ወደብ ናት። ስለ እርሷ የሚጽፉ ብዙዎች የልዩ ልዩ ሕዝቦች መኖሪያነቷን ያወድሳሉ። አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ሕዝቦቹን ምን እንዳሰባሰባቸውና አብሮነታቸው ስለ ምን እንደ ፈረሰ አይገልጽም።

ከተማዪቱ ከ1382 (እ.ኤ.አ.፤ ዓመታቱ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ በሐብስቡርግ ነገሥታት ጥበቃ ሥር ብትሆንም ለረጅም ዘመን ትንሽ ወደብ ነበረች። ንጉሠ ነገሥት ካርል ስድስተኛ በ1719 ነፃ ወደብ ካደረጓት በኋላ ግን ግሪኮች፣ ሰርቦች፣ አርመኖችና አይሁዳውያን ነጋዴዎች ይጎርፉባት ጀመር። በ1857 ከቪየና የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ሲደርስ የግዛቱ ዋና የባሕር በር ሆነች። ሰዉን የሰበሰበው እንግዲህ መቻቻል ብቻ ሳይሆን ንግድ ነበር።

የውስጡን ውጥረት በግልጽ የሚያሳየው የ1910 የሕዝብ ቆጠራ ነው። ቆጣሪዎች የሚጠይቁት ስለ ትውልድ ሳይሆን ሰው ዘወትር ስለሚገለገልበት ቋንቋ ነበር። በዚህ መለኪያ ከኢጣሊያውያን ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ስሎቬናዊት ያለ ብዙ ችግር ኢጣሊያንኛ ተናጋሪ ተብላ ልትመዘገብ ትችላለች። በኢጣሊያውያን ብሔርተኞች የሚመራው ማዘጋጃ ቤት ያቀረበው ውጤት የስሎቬኖችን አቤቱታ ስላስነሣ መንግሥት መዝገቡን እንደገና አስመረመረ፤ የስሎቬንኛ ተናጋሪዎቹም ቁጥር ወደ 57 ሺህ፣ ማለትም የነዋሪው አንድ አራተኛ ያህል ከፍ አለ።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተማዪቱ በኢጣሊያ እጅ ስትገባ ሙግቱ ከመዝገብ ወደ አደባባይ ወጣ። ሐምሌ 13 ቀን 1920 ፋሽስቶች «ናሮድኒ ዶም» የተባለውን የስሎቬኖች የባህል ማዕከል አቃጠሉ። በተከታዮቹ ዓመታት የስሎቬንኛ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ የቤተሰብ ስሞችም ወደ ኢጣሊያንኛ ተለወጡ። (ኋላ በኢትዮጵያ ላይ የኢጣሊያ እንደራሴ ሆኖ የተሾመው የአኦስታው መስፍን አሜዴኦ አዲስ አበባ ከመምጣቱ በፊት ይኖር የነበረው በዚህችው ከተማ ዳርቻ፣ በሚራማሬ ግንብ ነበር።)

የ1947ቱ የሰላም ውል ትሪየስቴንና አካባቢዋን ነፃ ግዛት ብሎ በሁለት ክልል ከፈለ። በ1954 ከተማዪቱ ወደ ኢጣሊያ አስተዳደር ተመለሰች፤ ወሰኑም በ1975 በኦሲሞ ውል ጸና። ወደቡ ግን ሸቀጥ ይልክለትና ይቀበልለት የነበረው ሰፊ የኋላ አገር በድንበሮች ተቆራርጦበት ነበር።

የተቃጠለው ሕንፃ በኋላ ታድሶ የዩኒቨርሲቲው የተርጓሚዎችና የአስተርጓሚዎች ትምህርት ቤት ሆነ። ሐምሌ 13 ቀን 2020፣ ልክ በመቶኛ ዓመቱ፣ የሁለቱ አገሮች ፕሬዚዳንቶች በተገኙበት ለስሎቬኖች ማኅበረሰብ እንዲመለስ የሚያደርገው ሰነድ ተፈረመ።